የእንዝራው ድምፅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዘዘውን የማያውቅ አልነበረም። በር ቢሉ፣ አልጋ ቢሉ፣ የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ቢሉ፣ እጁ ያረፈበት እንጨት ሁሉ ያምርለታል። አባቱ የኔታ ገብረ ኪዳን ግን በዚህ ሙያው ልባቸው አልሞላም። እሳቸው በቅኔያቸውም በበገናቸውም ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ልጃቸው ይተካኛል ብለው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ሰደውት ነበር፤ እሱ ግን ዓመት ሳይሞላው ትምህርቱን ትቶ አንድ ጠራቢ ዘንድ ተጠጋ። የኔታ አልተቆጡም፣ አልረገሙም። «ልጅዎ ምን ሆነልዎ?» ሲባሉ ብቻ፣ «እንጨት ውስጥ ገባ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ባዘዘው ይህን ያውቅ ነበር።

ከእንጨት ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ድምፅ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ የዕቃ ሣጥኖች ቢያሠራው፣ በዋጋው ፈንታ ባለ ክር ቴፕ ሪከርደሩን ተቀበለ። የስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነው ጓደኛው እንዳላማው ደግሞ፣ ከወደቀ ራዲዮ ሆድ ዕቃ አውጥቶ አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ገጣጠመለት። ቀጥሎ በመጣው የዐቢይ ጾም አባቱን ለምኖ፣ በገናቸውን ሲደረድሩ ድምፃቸውን በክሩ ላይ ያዘ።

ደግ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ቁርጥማት የኔታን ጣቶች አሰራቸው። በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እሳቸውም ቀና ብለው አያዩትም።

በ1962 ዓ.ም. ጾሙ ሲገባ፣ አንድ ምሽት የከተማው መብራት እንደመጣ፣ የኔታ ሳይታሰብ፣ «እስቲ ያን የያዝኸውን አሰማኝ» አሉ።

ባዘዘው ክሩን አዞረው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት አዳመጡና፣ «ይኼ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ አባባ።»

«እኔስ አይደለሁም። ይኼ ቅል ውስጥ የገባ ዝንብ ነው።»

የባዘዘው ሚስት ማሬ ሳቋ አመለጣት። ባዘዘው ግን አልሳቀም። አባቱ ያሉት እውነት መሆኑን ጆሮው ነግሮታል። ያ ደረትን የሚነቀንቀው የወፍራሙ ጅማት ድምፅ ከትንሿ አምፕሊፋየር አቅም በላይ ሆኖ፣ ገና ሳይወጣ ይታነቃል።

በማግስቱ ወደ ጀማለዲን ሱቅ ሄደ። ጀማለዲን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። እሱ አንድ ደህና አምፕሊፋየር ሊያመጣለት፣ ባዘዘው በልዋጩ የሱቁን መደርደሪያ በሙሉ እንደ አዲስ ሊሠራለት ተስማሙ።

«ደህናው ከመጥፎው በምን ይለያል? እኔ እኮ ስኳርና ሻማ ነው የማውቀው» አለ ጀማለዲን።

«አንሥተህ እየው። ቀላል ከሆነ ተወው። ብረቱ ወገብህን ከያዘህ፣ እሱ ነው።»

ጀማለዲን ወገቡን ይዞ ተመለሰ። ያመጣው አምፕሊፋየር ያገለገለ ቢሆንም ብርቱ ነበር፤ ሲበራ በጀርባው የተደረደሩት የመስታወት ቱቦዎች እንደ ፍም ይቀላሉ። ለዚያ ጉልበት ትንሽ ስፒከር አይበቃውምና፣ ባዘዘው ትልቅ ስፒከር አስፈልጎ ከደረቀ ዋንዛ ሣጥን ሠራለት። ማዕዘኑን ያለ ሚስማር አያያዘው፤ ውስጡን በወፍራም የሱፍ ባና ቁራጭ አለበሰው። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ዕቃ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሲሞክሩት ቤቱ ተናወጠ። ግን ከበገናው ሥር «እምምም» የሚል ሌላ ድምፅ አለ። እንዳላማው ቁልፉን ወዲያና ወዲህ አዟዙሮ፣ እምምታውንም፣ የጅማቱንም እዝዝታ አንድ ላይ አፍኖ ጸጥ አሰኛቸው። «አሁን ጠራ!» አለ ደስ ብሎት።

የኔታ ተጠሩ። ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፁስ ወፍሯል። እንዝራው ግን የለም። እንዝራ የሌለው በገና ክራር ነው።»

እንዝራ ማለት በየጅማቱ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። በገናን እንዲያ እዝዝ የምታሰኘው እሷ ናት። እንዳላማው ግንባሩን መታ። «የኔታ፣ እኔ እኮ የመብራቱ ብልሽት መስሎኝ ነው! ሁለቱም እዝዝ ሲሉ እንዴት ልለያቸው?»

«እኔ እለይልሃለሁ» አሉ የኔታ። ወንበራቸውን ከዋንዛው ሣጥን አጠገብ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን መልሰህ ልቀቀው።»

ባዘዘው አባቱን ለሥራ ተቀምጠው ካያቸው ቆይቶ ነበር። እንዳላማው አንዱን ሽቦ ነቅሎ ሌላውን ይተክላል፤ እሳቸው ይፈርዳሉ። «ይኼ የኔ ነው፣ አትንካው። ይኼ ባዕድ ነው። አሁንም አለ፤ ከሥር ነው ያለው።» በመጨረሻ እንዳላማው የቴፑን ሽቦ ሽፋን ባለው ለወጠ። ከአምፕሊፋየሩ ብረት አንድ ሽቦ ወደ ደጅ አውጥቶ፣ ባዘዘው መሬት ከቀበረው ዘንግ ጋር አሰረው። ያ «እምምም» ያለው ድምፅ በአንዴ ቆመ። የቀረው እንዝራው ብቻ ነበር።

የኔታ እጃቸውን አነሡ፤ ማንም እንዳይናገር። የታሰሩት ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ከጅማቱ ጋር አብረው ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ክሩ አልቆ ባዶውን ሲሽከረከር፣ ቀስ ብለው፣ «እኔ እንዲህ እደረድር ኖሯል?» አሉ።

«እንዲህ ነበር፣ አባባ።»

«መልካም እደረድር ነበር» አሉ፤ አልተሽኮረመሙም።

በእሑዱ ምሽት ቤቱ በሰው ሞላ። የአብማ ማርያም ካህናት መጡ፤ ጎረቤቱ መጣ፤ ጀማለዲንም ባለቤቱን ኡሙልኸይርን ይዞ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። በገናው ሲጀምር ከውጭ የቆሙት እንኳ ነጠላቸውን አጣፉ። ሲያበቃ አንድ አረጋዊ ቄስ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «የኔታ፣ ይህን ሁሉ ያደረገ ማነው?» አሉ።

ባዘዘው ወደ እንዳላማው ሊያመለክት እጁን አነሣ። አባቱ ቀደሙት።

«ይህማ ልጄ ባዘዘው ነው። ቅኔ ትቶ እንጨት ይቀርጻል ብዬ ሳዝን ኖርሁ። ለካ የሚቀርጸው ድምፅ ኖሯል!»

ካህናቱ ቅኔው ገብቷቸው በአንድ አፍ «ይበል!» አሉ። ባዘዘው አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ድረስ ግን ሞቆት ነበር። ማሬ ከጓዳው በር ቆማ ባሏን ታየዋለች፤ ያን ዕለት ቁመቱ የጨመረ መስሎ ታያት።

ከዚያ ወዲህ ከአማኑኤልና ከጉንደ ወይን ከተሞች የስፒከር ሣጥን ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች በዙ። ባዘዘው አንዱንም የኔታ ሳይሰሙት አያስረክብም። እሳቸውም ማልደው ከሥራ ቤቱ ይገኛሉ፤ ከመላጊያው ብናኝ መካከል ወንበራቸው ተዘርግቷል። እንግዳ ሲመጣ እጁን ይዘው ገና ያልተወለወለው ዋንዛ ላይ ያሳርፉለትና፣ «ዳስሰው እስቲ። መጋጠሚያውን ካገኘኸው ንገረኝ» ይሉታል።