ወላጅ ያምጡ

በስልሳ ስድስት ዓመቴ ዲላ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር መማር ጀመርኩ። ቡና ሲደርስ ግን ለቀማ ይዞኝ ሦስት ቅዳሜ ቀረሁ። ስመለስ አስተማሪዋ በር ላይ አስቆመችኝ። በአዘቦት ቀን የምታስተምረው ሕፃናትን ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን የቀረ ይሰረዛል። ካልሆነ ወላጅ ያምጡ!»

ክፍሉ አውካካ። እኔ ግን መሰረዝ አልፈለግሁም፤ በሳምንቱ እናቴን ከገደብ ከተማ በሚኒባስ ይዣት መጣሁ።

አስተማሪዋ ክው አለች። «እማማ፣ በሞቴ ይቀመጡ! ከልማድ አፌን አዳልጦኝ ነው እኮ!»

እናቴ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና በምርኩዟ ጎሰም አደረገችኝ። «ቡናውን ልጆችህ ይልቀሙት፤ አንተ ተማር!»

ምሕረት አገኘሁ። ልሸኛት እጇን ብይዛት ግን አልነሳም አለች።

«ልጄ፣ እኔንም መዝግቢኝ» አለቻት አስተማሪዋን። «ወላጅ ግን የለኝም፤ ስቀር እሱን አስጠሪው።»