ሦስተኛዋን በኃይል

የልጅ ልጄ ደጃፍ ተቀምጣ «ኤጁኬሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስታጠና፣ የእናቴ ዘነዘና ድምፅ መጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጂንካ። ታላቅ እህቴ አስቴር ይህንኑ ቃል በማግስቱ ክፍል ፊት ቆማ ልታነብ ነበር። አስተማሪዋ ቃሉን አራት ቦታ ከፍሎ «ሦስተኛዋን አጥብቂ» ቢላትም፣ እሷ መጀመሪያዋን ስለምታጠብቅ ተማሪዎቹ ይስቁባታል።

«ነገ አልሄድም!» ብላ አለቀሰች።

ፊደል የማታውቀው እናቴ ዘነዘናውን ሰጠቻት። «ይልቅ ነይ በቆሎውን ውቀጪ። ሁለቴ ቀስ፣ ሦስተኛዋን በኃይል፣ አራተኛዋን ቀስ። አፍ ክንድን ይከተላል።»

«ኤ፣ ጁ፣ ኬ! ሽን።» አለች አስቴር እየወቀጠች።

የእናቴ ነገር ባይገባኝም፣ የተፈናጠረውን በቆሎ እየለቀምኩ አብሬ አልኩ። በማግስቱ አስቴር ማንም ሳይስቅባት አንብባ፣ ከተማሪ ቤት እየዘለለች ገባች።

ዛሬም የልጅ ልጄ መጀመሪያዋን ስታጠብቅ፣ ተማሪ ቤት ያልገባሁት እኔ ጉልበቷን ሦስተኛዋ ላይ መታ አደረግኩላት።

«እማማ! ማን አስተማረሽ?»

«በቆሎ» አልኳት።