የጋሽ ክፍሌ ቀይ እስክሪብቶ

ትናንት ከሰዓት ጋሽ ክፍሌ አስጠሩኝ። ለምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ጋሽ ክፍሌ እዚህ አቦከር ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ ቀይ እስክሪብቷቸው አይደለም። አንድ ደብተር አላቸው። ግራው ገጽ «ሽቅብ»፣ ቀኙ «ቁልቁል» ይላል። ስለ እድገትና ስለ ውድቀት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ይጽፉና ምሳሌውን ከሰፈር ያመጣሉ። «አፕ ኤንድ ካሚንግ» ማለት ገና እየወጣ ያለ፤ ምሳሌ፦ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ስልክ ጥገና የከፈተው የልብስ ሰፊው ልጅ። «ጎይንግ ዳውንሂል» ማለት ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት የሚሄድ፤ ምሳሌ፦ የሰፈራችን ዳቦ።

ችግሩ... ቁልቁል ላይ የጻፉት ነገር አይተርፍም። ዳቦ ቤቱ በወሩ ተዘጋ። ሸዋ በር የምትቆመውን የአጎቴን ታክሲ ጻፏት፤ በሳምንቱ ሞተሯ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ደብተሩ በተገለጠ ቁጥር እያማተቡ፣ «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እኔን እንዳይጽፉኝ!» ይላሉ። እኔ በሳቅ ፍርስ።

እና አንድ ቀን ጋሽ ክፍሌ ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር ቤት ውስጥ ሲፈልጉ ደብተሩን ገለጥኩት። «ኦን ሂዝ ላስት ሌግስ» ይላል... ሊያበቃለት የደረሰ ሰው ማለት ነው። የምሳሌው ቦታ ባዶ ነው። «ጋሽ ክፍሌ» ብዬ ሞላሁት። ቀልዴን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የከዘራቸው ድምፅ ይሰማኛል... ኳ... ኳ... ወጥቼ ሳይ መንገዱ ባዶ ነው።

ትናንት ስገባ ደብተሩ ደረታቸው ላይ ነበር። ገለጡልኝ። እኔ የጻፍኩት ላይ ቀይ ራይት ተደርጎበታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ... ልሰርዘው!»

«ተይ። ልክ የሆነ መልስ አይሰረዝም።»

«እኔ ስለጻፍኩት እኮ ነው የታመሙት!»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ሐኪሙ የነገረኝ አንቺ ገና ሳትጽፊው ነው። ቦታውን ለራሴ ነበር የተውኩት... እጄ እምቢ አለኝ እንጂ።»

ከዚያ ደብተሩንና ቀዩን እስክሪብቶ አስያዙኝ። «በይ፣ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ።»

ስወጣ እትዬ አልማዝ በራፉ ላይ ቆመዋል። ደብተሩን ብብቴ ሥር አዩት። ጠዋት «አንቺ ቀበጥ!» ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ ጎንበስ ብለው፣ «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ።

እኔን! በአሥራ ስድስት ዓመቴ!

ሽቅብ መውጣት እንዲህ እንደሚያስፈራ ደብተሩ ላይ የትም አልተጻፈም።