ስለ ልጅቷ የሚጠይቅ ሰው

ማስታወቂያው የተለጠፈው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ነበር። አቅም ለሌላቸው ሴቶች የኮሌጅ ክፍያ እንሸፍናለን ይላል። የልጅ ልጄ ፎቶ አንስታው መጥታ በስልኳ አሳየችኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ የቀራት መንገድ የግል ኮሌጅ ገብታ ነርስነት መማር ነበር። የሟቹ ባለቤቴ ጡረታ ደግሞ እኛን ከወር ወር ማድረሱ ራሱ ጭንቅ ነው።

«ማነው የሚከፍለው?» አልኳት።

«ማኅበር ነው፣ እማ።»

«ማኅበሩ ምን ያገኛል?»

«ምንም። ዝም ብሎ ነው።»

ዝም ብሎ የሚሰጥ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ስንት ልጅ በትምህርት ስም ተወስዳ ዓረብ አገር ሰው ቤት እንደገባች ሰምቻለሁ። ቢሮው ድረስ ሄጄ አየሁት። አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከሌላ ሰፈር የመጡ እናቶችም ወረፋ ይጠብቃሉ። የልጅ ልጄ ቅጹን እንድትሞላ ፈቀድኩላት። ፎቶዋን ግን ከአንድ በላይ እንዳትሰጥ አስጠነቀቅኳት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ሱቅ ያላት ሙስሊም ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተናል።

«እትዬ፣ ሽማግሌ ሊመጣብሽ ነው መሰል።»

«የምን ሽማግሌ?»

«አንድ ሰውዬ ስለ ልጅቷ ሲጠይቀኝ ቆየ። ጠባይዋን፣ የምትውልበትን፣ ዘመዶቿን፣ መሬት ይኑራችሁ አይኑራችሁ። እኔማ አላሳፈርኩሽም፤ ምን ጎድሏት አልኩት። ጠላውን ጥመቂ እንግዲህ፣ ስኳሩ በእኔ ነው።»

«ጠላ በስኳር አይጠመቅም።»

«እኔ በምን አውቄ።»

አልሳቅኩም። በእኛ አገር ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ይልካል። ሰውዬው ከጎረቤት ይጀምራል፤ ስሙንም ጉዳዩንም አይናገርም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንዱ ቤታችን መጥቶ ውሃ ለምኖ ጠጥቷል። እናቴ የጠየቃትን ሁሉ መለሰችለት። ጥር ላይ ተዳርኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አላየሁም።

ጎረቤቴ ያለችኝ ሰውዬ ብዙም ሳይቆይ በሬን አንኳኳ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ሹራብ ለብሷል፤ በብብቱ ደብተር ይዟል። በአነጋገሩ የሮብ ገበያ በኩል ሰው ነው። ቁጭ በል አላልኩትም።

«እንደምን ዋሉ እናቴ። ልጅቷ ከእርስዎ ጋር ነው የምትኖረው?»

«ከማን ጋር እንድትኖር ፈልገህ ነበር?»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ማነው የሚረዳችሁ?»

«አንተን ማን ላከህ?»

«እሱን በኋላ እንነግርዎታለን።»

በኋላ የሚለው ቃል በቃኝ። ሊያገባት ያሰበ ማንም ቢሆን ተስፋ እንዲቆርጥ አድርጌ መለስኩለት። «አጎቷ አዲስ አበባ ነው። ባለጠጋ ነው። ለትምህርቷ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይከፍላል። እኛ ከማንም ምንም አንፈልግም፤ ለላኩህ ሰዎች እንዲህ ብለህ ንገራቸው።»

ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ለጋብቻ የሚያጣራ ሰው ሲጽፍ አይቼ አላውቅም፤ ዘመኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

ልጅቷ አጎት የላትም።

በሚቀጥለው ሳምንት የልጅ ልጄ ከቢሮው ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ እማ። ቤተሰቧ ራሱን የቻለ ነው ተብሎ ተጽፏል። አጣሪው ቤት ድረስ መጥቶ ነበር፣ አንቺ ነሽ አሉ የነገርሽው።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው ተዘጋጅቶ እንዳይጠብቀው ማንነቱን ሳይናገር ነበር የሚዞረው። ልጅቷ አላለቀሰችም። የኮሌጁ ምዝገባ ዓርብ እንደሚዘጋ ብቻ ነግራኝ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሰውዬው ከሴትዮዋ ጎን ተቀምጦ ነበር።

«የነገርኩህ ውሸት ነው፤ አጎት የላትም» አልኩት።

«ታዲያ የትኛውን ልመን እናቴ? የያኔውን ወይስ የዛሬውን?»

ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች። «ሁለታችንም ዋሽተንሃል። ሚስት ፈላጊ መስለኸን ነው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ» አለ።

«እሱንስ ማን ያውቃል» አልኩ።

ከዚያ ጎረቤቴ ስለ ኑሮዬ መናገር ጀመረች። ጤፍ ትቼ በቆሎ እንደማስፈጭ፣ ጾም ነው እያልኩ ጾም ባልሆነ ቀን ምሳ እንደምዘል፣ የልጅቷን ጫማ ስንት ጊዜ እንዳሰፋሁ። ማንም አያውቅም ብዬ የማስበውን ሁሉ ታውቀው ኖሯል። ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሳ አዳመጥኩ።

ከሰዓት ሰውዬው እንደገና ቤቴ መጣ። ሳይጠይቀኝ የእህል በርሜሉን ከፍቼ አሳየሁት። የእህል ዕቃን ለባዕድ መክፈት ባደግኩበት ቤት ነውር ነበር። እህሉን ለማየት ብዙ ማጎንበስ ነበረበት።

ሐሙስ ዕለት አሳዳጊ ይፈርም ተብዬ ተጠራሁ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከታች በኩል፣ ልጅቷ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ እንደማልድራት ግዴታ ገብቻለሁ የሚል አለበት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሁሉንም አሳዳጊ ነው የምናስፈርመው» አለ ሰውዬው። «መሃል ላይ የተዳሩብን አሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን ከማንም ምንም አንፈልግም ሲሉኝ፣ ባል አግኝተውላት የሚደብቁኝ መስሎኝ ነበር።»

ቀና ብዬ አየሁት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይህን ሰው አላመንኩትም ነበር፤ በዚህ ነገር ግን አመንኩት።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ግልባጭ ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ስለ ልጅቷ ሊጠይቅ የሚመጣ ሌላ ሰው ካለ፣ የማሳየው እንዲኖረኝ።