የቦራ ግላስ

አያ እንግዳው ዛሬም በብሎኬት ማምረቻው በር ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም። እኔ በሩ ፊት ለፊት ሻይ እሸጣለሁ፤ የገባውንም የወጣውንም አያለሁ። ድሮ ገና ከሩቁ «ስሜነሽ፣ አፍልተሻል?» እያለ ነበር የሚመጣው። አሁን ሻዩን ፉት ብሎ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሹልክ ይላል። እንዴው ስንቱን ፈረስ ያሳረፈ ሰው እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሳይ እበሽቃለሁ። ግን ለምን እንደሚያፍርም አውቃለሁ፤ የዚያን ቅዳሜ እዚሁ ነበርኩ።

ሥራው ጋሪ ነው። አባቱም አያቱም በፈረስ የታወቁ ናቸው፤ አገው ሆኖ ፈረስ የማይወድ ማን አለና። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ፈረሱን ቦራ ይለዋል። ከእኛ ጋር በአማርኛ ሲጫወት ቆይቶ ወደ ፈረሱ ዞር ሲል በአገውኛ ይሆናል። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ አገውኛ አልሰማም፤ «ምን እያልከው ነው፣ እያማኸኝ ነው አይደል?» እለዋለሁ። ከሚስቴ የደበቅሁትን ነው የምነግረው ይለኛል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሰው ነበር።

ማምረቻው ከሃምሳ ብሎኬት በታች ለሚጭን ጋሪ ተራ አይሰጥም ነበር። ብሎኬት እኮ ገለባ አይደለም። ክረምት ሲገባ የእንጅባራን ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ፈረሱ እየተንሸራተተ ሲጎትት ማሰሪያው የሚያርፍበት ጀርባው ይላጥና ገጣባ ይሆናል። ሲድን ይጫናል፣ ሳይድንም ይጫናል። አያ እንግዳው የጋሪ ነጂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሲሆን ይህን ሳላስቀር አልቀመጥም ብሎ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ አሸናፊ ዘንድ ጫማው እስኪያልቅ ተመላለሰ። አሸናፊ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ውሳኔው ባሕር ዳር ያሉት የባለቤቱ የአቶ ፀጋው ነው እያለ ይመልሰዋል። አያ እንግዳውም አንድም ቀን ሳይቆጣ፣ ፈረስ ከወደቀ ጋሪ ይቆማል፣ ጋሪ ከቆመ ብሎኬታችሁ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል፣ ሠላሳ ይሁንልን እያለ ያስረዳዋል። በስንት ልመና አቶ ፀጋው፣ ቅዳሜ መጥቼ ፈረሶቹን በዓይኔ አያለሁ፣ ተጎድተው ካገኘሁ ሠላሳ ይሆናል ብለው ላኩበት። የዚያን ቀን ቤቴ የነበረውን ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

ነገሩ የተበላሸው ዓርብ ለነጂዎቹ ሲነግራቸው ነው። ነገ ትልቅ እንግዳ ፈረሶቻችንን ሊያይ ይመጣል፣ ጋሪውን ፈትታችሁ ፈረሱን ብቻ ይዛችሁ ኑ አላቸው። ኧረ ለአገው ሰው እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ፈረስ በእንግዳ ሊታይ ነው ከተባለ፣ እነሱ የሚታያቸው ጥር ላይ ለፈረስ በዓሉ የሚወጡበት ጌጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ፈረሱን አጥቦ፣ ጀርባና ጎኑን የሚሸፍነውን ባለጥልፍ ግላስ አልብሶ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አንጠልጥሎ ከች አለ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ በራችን ላይ ሠርግ ያለ መሰለ። አያ እንግዳው መጥቶ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱም ቦራን እየሳበ ብቅ አለ። ቦራም ግላስ ለብሷል።

ሚስቱ በቀለች ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጎረቤቱ ባምላክ ፈረሱን አስጊጦ በደጁ ሲያልፍ አይቶ ነው ግላሱን ከሳጥን ያወጣው። ቁስሉን ሊያዩ አይደል ወይ የሚመጡት ብላዋለች። እሱ ግን ሰው ሁሉ አጊጦ ሲቆም የእሱ ፈረስ ብቻ ገጣባውን አግጥጦ መቆሙ አልዋጥልህ አለው። ሲጠይቁኝ እገልጠዋለሁ ብሏት ወጣ።

አቶ ፀጋው ከመኪናቸው ወርደው ያን ሁሉ ጌጥ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡ፣ ፈረሶቹ መካከል ቆመውም ተነሡ። ከዚያ የተጎዳው የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። ነጂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባምላክ የእኔ ደህና ነው አለ፤ ቀጥሎ ያለውም የእኔም ደህና ነው አለ። ማን በአደባባይ ፈረሴን አቁስያለሁ ይላል? እንዲህ እንዲህ እያሉ አያ እንግዳው ጋ ደረሱ።

«ሊቀመንበር፣ የእርስዎስ?» አሉት።

እጁ ግላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ገለጠው፣ አሁን ገለጠው ስል፣ ጣቶቹ ጥልፉን ጨብጠው ቀሩ።

«ደህና ነው፣ ጌታዬ» አለ።

አቶ ፀጋው ሳቁ። እንዲህ ላለ ፈረስማ ሃምሳም አንሶታል፣ ከዛሬ ጀምሮ ስልሳ ይሁን ብለው ለአሸናፊ ነግረውት ወደ ቢሮ ገቡ። አያ እንግዳው ግላሱን ገፎ ቤቴ ምስማር ላይ ሊሰቅለው ሲመጣ፣ ገበሩ ላይ መግልና ፀጉር ተጣብቆ አየሁ። ማየቴን አየ። ወጥቶ ጋሪውን ከቤቱ አምጥቶ ግቢ አስገባና ስልሳውን አስጫነ። ደህና ነው ባለበት አፉ አልጭንም ማለት አቅቶት ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ከዳገቱ በኩል ጩኸት ሰምቼ ብርጭቆዬን ጥዬ ሮጥኩ። ቦራ በጉልበቱ ወድቋል። ብሎኬቱ ተንዶ መንገዱን ዘግቷል፣ ባጃጆች ቆመዋል፣ ሰዉ ከቦታል። ማሰሪያውን ፈተው ሲያነሡት ያ ቁስል ወጣ፤ የእጅ መዳፍ ያህላል፣ ሥጋው ቀልቷል። የማን ፈረስ ነው ሲባል አንዱ የሊቀመንበሩ ነው አለ። ያ ስለ ፈረስ የሚሟገተው ሰውዬ ነው ወይ አለ ሌላው። አያ እንግዳው የለበሰውን ጋቢ ገፎ ቁስሉ ላይ ጣል አደረገ። ወዲያው ደንግጦ እጁን አየ፤ ጠዋት ያደረገውን መልሶ እያደረገ ነው። እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ አየሁት። ጋቢውን አንሥቶ ክንዱ ላይ አደረገና፣ ቦራን በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል፣ እንደተገለጠ፣ እየሳበ ቁልቁል ወረደ።

አቶ ፀጋው መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደረሰባቸው።

«ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ» አላቸው። «ቦራ ይኸውልዎ። ይህን እያወቅሁ ነው ስልሳ የጫንኩበት።»

አቶ ፀጋው አፍንጫቸውን ይዘው ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ተቆጡ። «ታዲያ ለምን ሸፈኑት? ይህን እንዳይ አይደል ወይ የጠሩኝ?»

«አፈርኩ ጌታዬ። በእሱ አይደለም፣ በሥራዬ ነው ያፈርኩት። ተሸፍኖ ሲያዩት ግን የሚያኮራ ሰው መሰልኩ።»

አቶ ፀጋው ስልካቸውን አውጥተው የጠዋቱን ፎቶ አዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ሃምሳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ አሸናፊንም ጠርተው ከሠላሳ በላይ እንዳይጫን፣ የቆሰለ ፈረስም በዚህ በር እንዳይገባ አዘዙ። ትእዛዙ እስከ ዛሬ አልተሻረም። አያ እንግዳው ሊቀመንበርነቱን ልልቀቅ ቢል ማኅበሩ እምቢ አለው። ቦራ ቁስሉ ጠገገ፣ ጉልበቱ ግን እንደተጎዳ ቀረ፤ ጋሪ አይጎትትም።

ጥር ላይ ለፈረስ በዓሉ እኔም ወጥቼ ነበር። ሜዳው በጌጠኛ ፈረስ ተሞልቷል። አያ እንግዳው በእግሩ ቦራን እየሳበ መጣ፤ ኮርቻ የለ፣ ግላስ የለ፣ ያ ፀጉር አልበቅልበት ያለው ጠባሳ ፀሐይ ላይ ፈጦ ይታያል። ሰዉ እያየ ፊቱን ያዞራል። ባምላክ ቀይ ግላስ ባለበሰው ፈረሱ ላይ ሆኖ አጠገቡ ደረሰና፣ ምነው አያ እንግዳው፣ በዚህ ቀን ራቁቱን ብሎ ጠየቀው።

«እንዲታይ ነው» አለው።

ባምላክ ሊስቅ ከፈት ያደረገውን አፉን ዘጋ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወረደና የራሱን ፈረስ ግላስ ጫፍ ይዞ፣ እንዳይገለጥ፣ ወደ ታች ሳብ አደረገው። አያ እንግዳው አየውና አንገቱን ደፋ።