አስካለና የቀወት ውሾች

አስካለ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለ የቀወት መንደር፣ የማሽላ ማሳዋን እያሳረሰች ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በመንደሩ ውሻ ሲቆስል መጠጊያው የእሷ ደጅ ነበር። ዝንጀሮ የቦጨቀውን በጨው ውሃ ታጥባለች፤ ቁስሉ የተላበትን ትሉን በእሾህ ትለቅምለታለች። ጎረቤት ሲስቅባት «ያንተን ማሽላ ሲጠብቅ አይደል የተቦጨቀው? ምነው አንተ ብታጥበው!» ትላለች።

በ1930 ዓ.ም. ሮቢት የሰፈረው የጣሊያን ጦር አርበኛ ፍለጋ በየመንደሩ ይወጣ ነበር። ወታደሮቹ ገና ወንዙን ሲሻገሩ ውሾቹ ይጮሃሉ፤ የሚፈለገውም ሰው ጫካ ይገባል። ካፒቴኑ በዚህ ተናደደና የመንደሩን ጭቃ ሹም ሸዋንግዛውን ጠርቶ መርዝ የተነከረ ሥጋ አሸከመው። ሸዋንግዛው ኅዳር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በየደጁ እየጣለ አለፈ። «ልጆቻችሁን አስገቡ» አለ እንጂ «ውሾቻችሁን እሰሩ» አላለም። ሰዉም ገብቶታል፤ ፈርቶ በሩን ዘጋ።

አስካለ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ውሾቹ በየአጥሩ ሥር ይንፈራገጣሉ። ነብሮ የምትለው የራሷ ውሻ ደጃፏ ላይ ደርቋል። እንስራዋን አስቀምጣ ሳትቀመጥ፣ ማዶ የሚያርሰው ሳልህ ውሻውን በጆንያ ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ።

«አስካለ፣ በአላህ ድረሽልኝ! ትንሽ ነው የቀመሰችው፤ ከአፏ አስጥያታለሁ።»

«መንጋጋዋን ያዝልኝ» አለችው። ወተትና የቀለጠ ቅቤ በቀንድ ዋንጫ አጠጣቻት። ውሻዋ አስታወከች፤ እስኪመሽ ስትንቀጠቀጥ ውላ ተረፈች። ከሃያ ሁለቱ የመንደሩ ውሾች የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስካለ ሸዋንግዛውን ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀችው።

«ምን በደሉህ?»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ደግሞ ውሻ ነው እንጂ ሰው አይደለ።»

«ሰው ቢሆንስ እንቢ ትል ነበር?»

ይህን ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እናንተስ? ጅብ ሲመጣ ውሻውን ‹በለው!› ትላላችሁ፤ የምታበሉት የለም። ሲያረጅ በድንጋይ ታባርሩታላችሁ። ሥጋው ሲጣል ደግሞ በር ዘጋችሁ! ጣሊያንስ ጠላት ነው፤ እናንተ ምናቸው ናችሁ?»

ነገሩ በዚያው ቀን ካፒቴኑ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ ወታደሮች ወስደው ሮቢት ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሃያ ጅራፍ ገረፏት። ቱርጁማኑ «ይቅርታ ጠይቂ ተብለሻል» ሲላት «ከማን? ከውሾቹ ከሆነ እጠይቃለሁ» አለችው፤ ያን ጊዜ አምስት ተጨመረባት። ሳልህ ነው በአህያ ጭኖ ቤቷ ያደረሳት።

በዚያ ዓመት ከርከሮና ዝንጀሮ ማሽላውን ገና በእሸቱ ፈጁት። ሰው በየማማው ላይ ሲጮህ ድምፁ ተዘጋ። ለፋሲካ የሳልህ ውሻ ከሌላ መንደር ውሻ አርግዛ ሰባት ቡችላ ወለደች፤ እሱም «አካፋዩ አንቺ ነሽ» ብሎ ለአስካለ ተወላት። የመጣውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር፦ ምን ታበላዋለህ? ሲታመም ወዴት ትወስደዋለህ? ሲያረጅስ? አንዳንዱ በነገሩ ስቆ ይሄዳል፤ ስድስቱ ግን ተወሰዱ።

ሸዋንግዛው መጨረሻ ላይ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «ከርከሮ ጨረሰኝ፤ አንዱን ስጪኝ» አላት።

«የለኝም» አለችው፤ ሰባተኛው ቡችላ እግሯ ሥር ተኝቶ ሳለ።

«ይኸው አይደል?»

«ይሄማ አለ። ለአንተ ነው የሌለው።»

ሸዋንግዛው እየዛተ ሄደ። አስካለ ቡችላውን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።