መርሐባ ያልነው ሁሉ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ለምን እንዲህ ይንቀራፈፋል እያልኩ በልቤ ስሳደብ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር «ድም» የሚል ወፍራም ድምፅ ወጣ። ኮፒ የምታደርገው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ተጭና አጠፋችውና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ወረፋዬን ጥዬ ወጣሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እሱ በቤታችን ሲሰማ አባቴ ጓሮ ከበሬዎቹ ጋር ሆኖ «ማል ጄዳ? ምን ይላል?» ብሎ ይጣራ ነበር፣ እኔም የያዝኩትን ወርውሬ፣ ሮጬ ገብቼ፣ ስክሪኑ ላይ የተደቀነውን ቀይ ሣጥን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስለት ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው በበጋ ነው፣ በጨፋ ሜዳ ማሽላው ተቆርጦ አልቆ ከብቱ አገዳው ላይ በተለቀቀበት ሰሞን። እናቴ ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበርና፣ የአሠሪዎቿ ልጆች ሰልችቷቸው የጣሉትን አንስታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ላከችልን። ቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል ስላለ አባቴ ይህ መሬት አይነካም ብሎ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አሠራለት፤ ውስጡ ግን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር፣ ከቤታችን ሰው ደግሞ እንግሊዝኛ የቆጠርኩት እኔ፣ የስድስተኛ ክፍሏ ተማሪ፣ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ ትናገር ነበር። ድምፅዋን ስልኳ ላይ ቀድታ፣ ጥፍር የምታክለውን ሚሞሪ አውልቃ፣ አገር ለሚገባ ሰው ትሰጥ ነበር፣ እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ፣ ሚሞሪውን ባዶ አድርጌ፣ የእኛን ድምፅ ሞልቼ፣ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው እሰጥ ነበር። ስትናገር ከኋላዋ ሳህን ሲጋጭ፣ ቧንቧ ሲፈስ ይሰማል። እመቤቷ እንዳትሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሉባባዬ፣ ፀጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ?» ትለኝ ነበር። «አባትሽ እንደሁ የበሬ ጥርስ እንጂ የልጅ ፀጉር አያይም።» አባቴ የከብት ነጋዴ ነው። ይህን ሲሰማ ይስቅና «እስቲ የስድቡን ድገሚልኝ» ይል ነበር።

በሠፈራችን ኮምፒውተር ያለው ቤት የእኛ ብቻ ስለነበር፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ሚሞሪያቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። የቤታችን በር ቀን ቀን መጋረጃ ብቻ ነበር፣ ገለጥ አድርገው «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ይገባሉ። ሚሞሪያቸውን ስሰካ ግን ያ «ድም» ይመጣል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሐራን ስሰካ ቀዩ ሣጥን ወጣ፣ «ትሬት» የምትለዋን ቃል ስላላወቅኋት መዝገበ ቃላት ገልጬ «ዛቻ ተገኝቷል ይላል» አልኩ።

«ማነው የዛተብን?» አለ አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«የኔ ልጅ ድምፅ ላይ?» አለች እትዬ ዘሐራ። «ወላሂ እሷ እንኳን በሰው ልትዝት፣ ዶሮ እሽ ለማለት የምታፍር ልጅ ናት።»

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ፣ ይግባ ወይስ ይከልከል ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ተመልሶ ተቀመጠ። «ሌባ አያስፈቅድም» አለ። «ያስፈቀደ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይዞ የመጣው በር ላይ አይፈተሽም። መርሐባ በዪው።»

መርሐባ እኛ አገር ደጅ የቆመን ሰው ግባ ማለት ነው፤ ለጠየቀንም ሰው እሺ፣ በደስታ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትፈቅደዋ ቁልፍ ስሟ መርሐባ ሆነ። የምትከለክለዋን ደግሞ «አላህ ይስጥህ» አልናት፣ የሚሰጠው ያጣ ሰው ለማኝን የሚሸኝበት ቃል ነውና፣ አባቴ እሷን ስነካ ካየ ፊቱ ይጠቁር ነበር። እንዲህ እያልን ያንን በጋ ያስፈቀደውን ሁሉ አስገባን።

በክረምቱ ቦርከና ሞልቶ፣ ጨፋ ውኃ ተኝቶበት፣ ዝንቡ ከብቱን ባስጨነቀበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እናቴ ታማ፣ ሞታ፣ እዚያው ተቀብራ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የነገሩን። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ሰው መጥቶ ዱዓ አደረገ፣ ግን የሚታጠብ ሬሳ፣ ሄደን የምናየው መቃብር አልነበረንም። የነበረን ኮምፒውተሩ ውስጥ «እማ» ብዬ በሰየምኩት ፎልደር ያለው ድምፅዋ ነው። አባቴ መግሪብ ሰግዶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና «እናትሽን ክፈቺያት» ይለኝ ነበር። ድምፅዋን አይልም፣ እናትሽን ነው የሚለው። የስድቡ ጋ ሲደርስ አይስቅም፣ ግን ፊቱ ቆማ የምትወቅሰው ይመስል አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ሁለታችንም የምንሆነውን አጥተን ቶሎ እንተኛ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ደግሞ «ድም» አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀዩ ሣጥን የመጣው በሰው ሚሞሪ ሳይሆን በእማ ፎልደር ላይ ነበር። በሽታ አለበትና ኳራንቲን ይግባ ወይስ ይለፍ ይላል። ለዚህ ቃል መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም፣ አባቴ ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እኔ ሳልወለድ ለውጭ ገበያ የሰበሰባቸው ወይፈኖች በሽታ ተጠርጥሮባቸው ኳራንቲን ገብተው፣ እሱ አጥሩን ይዞ ሲያያቸው ከርሞ፣ አንዱም በእግሩ ሄዶ አልወጣለትም።

«ኳራንቲን?» አለ ቀስ ብሎ። «እናትሽን?»

«ኧረ ፋይሉን ነው፣ አባ።»

«ኳራንቲን የገባ ሲወጣ አላየሁም። ሰው አገር መቅረቷ ይበቃታል። ትለፍ። መርሐባ በዪያት።»

መርሐባ አልናት።

ብዙም ሳይቆይ ፎልደሯ ላይ ትንሽ ቀስት በቀለች፣ ስጫነው ደግሞ አልከፍት አለኝ። አባቴ ኮምፒውተሩን በዚያው በመጣበት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ በሽተኛ ታቅፎት፣ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ሄድን። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ወንበሩን ለአባቴ ለቆ ቆሞ ነው የሠራው። ከፍቶ አየት አየት አደረገና «አባቴ፣ ቫይረስ ጨርሶታል። ፎርማት ላድርግልዎት?» አለ። በትሕትና፣ አስፈቅዶ። አባቴ ፎርማት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። እኛ የምናውቀው ያስፈቀደ ሰው ምን እንደሚባል ነው።

«መርሐባ፣ የኔ ልጅ» አለው አባቴ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «አልሃምዱሊላህ፣ ዳነ» ይል ነበር። እውነትም እንደ አዲስ ሆኖ ነበር፣ ቶሎ ተነሣ፣ ድም አላለም፣ ስክሪኑ ላይ ሰማይና አረንጓዴ መስክ ብቻ ነበር። አባቴ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። «እናትሽን ክፈቺያት።» ፈለግሁ። ያልከፈትኩት የለም። «የለችም፣ አባ» አልኩት። ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ከወለሉ አንስቶ አራገፈው፣ ገልብጦ ደግሞ አራገፈው፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያ በርጩማ ወደዚያ ጠረጴዛ አልተጠጋም።

ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ፣ አንድ ቀን የኮምፒውተር አስተማሪያችን ቀስት የበቀለባቸው ፎልደሮች አሳየንና፣ ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ያለውን አያጠፋም፣ ይደብቀዋል እንጂ አለ። ሁለት ሦስት ቦታ ተጫነ፣ የተደበቁት ሁሉ ከነበሩበት ብቅ አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ፣ ወዴት ሲለኝ ሽንት ቤት አልኩት። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእማ ፎልደር አልከፍት ሲለን እሷ ከዚያች ቀስት ጀርባ እዚያው ነበረች። የጠፋችው ልናድናት ወስደን፣ ያለውን ሁሉ የሚጠርገውን ፎርማት መርሐባ ስንል ነው። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ምን ያደርግለታል?

ያን ዕለት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ እቤት ሄድኩ። ዛሬ የብረት በር አለን፣ አንኳኳሁ፣ አባቴ «ማነው?» አለ፣ እኔ ነኝ ስል ደግሞ «እኔ ማን?» አለ፣ ከዚያ ነው የከፈተው። አጠገቡ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና ድምፅ መቅጃውን ነካሁ። የዛሬ ስልክ በአማርኛ ነው የሚያስፈቅደው፣ አስተርጓሚ አይፈልግም፣ ግን የአባቴ ዓይን ደክሟል።

«ማል ጄዳ?» አለኝ።

«ድምፅህን ልቅዳ ብሎ ያስፈቅዳል።»

ስልኩን ብዙ አየው። «አላህ ይስጥህ በዪው» አለ።

ያኔ በራችን መጋረጃ ነበር፣ ያስፈቀደ ሁሉ ይገባ ነበር፣ የምንፈራውም አልነበረም። ዛሬ አንድ ነገር ባስፈቀደን ቁጥር እንደነግጣለን። የጠየቀውን በባዶ እጅ መሸኘት የሚያሳፍረው ሰው ነበር አባቴ። ስልኩን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሱም ስለ ሰንበቴ ገበያ ያወራልኝ ጀመር፣ ዕድሜዋን ሊደብቁበት ስለሞከሩ አንዲት ላም፣ እሱ ግን አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ እንዴት እንደደረሰባቸው። «የበሬ ጥርስ እንጂ» የሚለው የእማ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፣ እሱም የሰማት ይመስል አንገቱን ነቀነቀና ወሬውን ቀጠለ። እኔ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማልችለዋ፣ እስኪጨርስ ድረስ ሳልነሣ አዳመጥኩት።